ሉዋ የተባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ ለጀማሪ መሐንዲስ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ሚዛን ላይ ሲወጣ የማይከብደውን፣ ሁለተኛው ሲሠሩት የማያስቸግረውን ነው። ሸክሙ ቀላል ነው ሲባልና ፈተናው ቀላል ነው ሲባል ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው ሉዋ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋ በመጀመሪያው ትርጉም ቀላል መሆኑ አያከራክርም። በሁለተኛው ትርጉም ቀላል ነው ወይ የሚለው ግን ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ቅለት አይተው ሁለተኛውንም እንዳገኙ ይቈጥራሉ፤ ከዚያም የጻፉት ፕሮግራም ሳይጮኽና ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ቁጥር ያቀብላቸዋል። መሐንዲስ ደግሞ በቁጥር ላይ ተመሥርቶ ድልድይ ያቆማል፣ ቦይ ይቈፍራል።

ሉዋ የተወለደው በብራዚል አገር፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴክግራፍ በሚባለው የምርምር ክፍል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ደራሲዎቹ ሮቤርቶ የሩዛሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ዋልዴማር ሴሌስ ናቸው። ስለ አወላለዱ ጥቂት መናገር የሚያስፈልገው የቋንቋው ጠባይ ከዚያ የመጣ ስለ ሆነ ነው። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 ድረስ የኮምፒዩተር መሣሪያና ፕሮግራም ከውጭ እንዳይገባ ከባድ የንግድ ገደብ ጥሎ ነበር። ሐሳቡም አገሪቱ የራስዋን ልትሠራ ትችላለች፣ ልትሠራም ይገባታል የሚል ነበር። ገደቡ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለ ሆነ እዚህ አይነሣም። በዚያ ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ቴክግራፍና ዋና ደንበኛው የነበረው የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮብራስ፣ ለሥራቸው የሚስማማ ፕሮግራም ከውጭ አሠርተው ለመግዛት ገንዘቡም ሁኔታውም አልፈቀደላቸውም።

በፔትሮብራስ የነበሩ መሐንዲሶች ለስሌት የሚያስፈልጋቸውን አኀዝ የሚያዘጋጁት፣ አንድ ቁጥር ከዓምዱ ዝንፍ ቢል ሥራው ሁሉ በሚበላሽበት የቁጥር ረድፍ ነበር። ይህን ለማቃለል ቴክግራፍ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ቋንቋዎች ተሠሩ። አንደኛው ዴል ሲባል ለአኀዝ ማስገቢያ የታሰበ ነበር። ሁለተኛው ሶል ሲባል የከርሰ ምድር ድንጋዮችን ጠባይ የሚገልጽ ዘገባ ለማዘጋጀት ያገለግል ነበር። መሐንዲሶቹ እየለመዱ ሲሄዱ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» ማለትን ፈለጉ፤ ቀጥሎም አንድን ነገር ደጋግሞ ማሠራትን ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ሦስቱ ሰዎች ሁለቱን ትተው አንድ እውነተኛ የፕሮግራም ቋንቋ ለመሥራት ተስማሙ። ሶል በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ስለ ሆነ አዲሱ ቋንቋ ሉዋ፣ ማለትም ጨረቃ ተባለ።

እንግዲህ ልብ መባል ያለበት የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ማን እንደ ነበሩ ነው። የኮምፒዩተር ሊቃውንት አልነበሩም፤ ሥራቸው ሌላ ሆኖ ኮምፒዩተር ያስፈለጋቸው መሐንዲሶችና የከርሰ ምድር ባለሙያዎች ነበሩ። ቋንቋው የመሐንዲስ ጠረጴዛ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሉዋ ዋነኛ ጠባይ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ በእንግድነት ማደሩ ነው። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ሲ በተባለው ቋንቋ የተጻፈ ትልቅና ፈጣን ፕሮግራም ይሆናል፤ እንግዳው ሉዋ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሊለወጥ የሚገባውን ደንብ ይይዛል። እንግዳ ሸክም እንዳይሆን ማነስ አለበትና፣ የ5.4ኛው እትም ሙሉ የሲ ጽሑፍ 30000 መስመር ያህል ብቻ ነው፤ ተርጓሚው ፕሮግራም ከመደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ ጋር 300 ኪሎ ባይት እንኳ አይሞላም። ከዚህም የተነሣ በአያሌ ስፍራ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋቾች የራሳቸውን ተጨማሪ ነገር የሚጽፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በገጾቹ ውስጥ ስሌት የሚያሠራው በሉዋ ሲሆን፣ የአማርኛውም ዊኪፔዲያ በዚሁ መሣሪያ ይገለገላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ኖድኤምሲዩ ደግሞ ሉዋን ጥፍር በምታክል ባለ ሬዲዮ ቺፕ ላይ አሳድሮ፣ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ መሣሪያዎችን ለመሥራት ለሚፈልግ ሁሉ በር ከፍቷል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። በ5.4ኛው እትም ቋንቋው ለራሱ ያስቀራቸው ቃላት 22 ብቻ ናቸው። የዋጋ ዓይነቶቹም 8 ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ጀማሪው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኛቸው ስድስቱ፣ ማለትም ቁጥር፣ የፊደላት ሰንሰለት፣ እውነትና ሐሰት፣ ፋንክሽን፣ ሠንጠረዥ እና ባዶ የሆነው ኒል ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል «ኢፍ» ወይም «ፎር» ወይም «ዋይል» ብሎ ከጀመረ በኋላ «ኤንድ» በሚለው ቃል ይዘጋል። በመስመር መጨረሻ ነጠብጣብ የማኖር ግዴታ የለም፤ ባዶ ቦታም አይቈጠርም። ሌላ ቋንቋ ጥቂት የሞከረ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ስለ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይታወስ፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከ5.3ኛው እትም ወዲህ ሙሉ ቁጥርና ነጥብ ያለው ቁጥር ተለያይተዋል። በአንድ ሰረዝ የሚደረግ ማካፈል ሁልጊዜ ነጥብ ያለው ውጤት ሲሰጥ፣ 30ን ለ10 ማካፈል 3.0 ይሆናል ማለት ነው፤ በሁለት ሰረዝ የሚደረገው ግን 3 ይሰጣል።

ቋንቋውን ቋንቋ ያደረገው ሠንጠረዡ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች ዝርዝር፣ መዝገብ፣ ስብስብ እየተባሉ ለየብቻ የሚሠሩት ሁሉ በሉዋ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ሠንጠረዥ ቁልፍን ከዋጋ ጋር አጣምሮ ይይዛል፣ ከዚህ ሌላ የለም። ቁልፍ ሳይሰጥ ዋጋ ብቻ ቢደረደርበት ከ1 ጀምሮ ራሱ ይቈጥራል። ሲን የመሳሰሉት ቋንቋዎች ከዜሮ ሲጀምሩ ሉዋ እንደ ፎርትራን ከአንድ መጀመሩን የኮምፒዩተር ሰዎች ሲነቅፉት ይሰማል። ነቀፋው ለመሐንዲስ ብዙ ክብደት የለውም፤ የምሰሶ ቁጥር ዜሮ ብሎ የሚጀምር ፕላን ማን አይቶ ያውቃል? የወራት ስም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በአንድ ሠንጠረዥ ቢደረደር መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13 ይሆናሉ፤ ርዝመቱም ሲጠየቅ 13 ተብሎ ይመለሳል። ይህ የአገሬው ሰው ከሚቈጥረው ጋር ፍጹም ይስማማል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ጕድጓድ የሚገኘው እዚሁ ነው። አንድ ጀማሪ መሐንዲስ በመሥሪያ ቤቱ ዕለታዊ መዝገብ ራስጌ ላይ ቀኑንና የዘመኑን ወንጌላዊ የሚጽፍ ፕሮግራም ይሠራል እንበል። የወንጌላዊው ስሌት አጭር ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት 5500ውን ዓመተ ፍዳ በዓመተ ምሕረቱ ላይ ጨምረው ለ4 ያካፍሉና ቀሪውን ያያሉ፤ 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ማካፈልም ያንኑ ይሰጣል። ቀሪው 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲሆን ዮሐንስ ነው። ጀማሪው አራቱን ስሞች በተራ በሠንጠረዥ ይደረድራል፤ ከዚያም በቀሪው ቁጥር ስሙን ይጠራል።

ይህን በ2013 ዓ.ም. ጽፎት ቢሆን ማቴዎስ ብሎ በትክክል ይጽፍ ነበር። በ2014 ማርቆስ፣ በ2015 ሉቃስ ይል ነበር፤ በሉቃስ መጨረሻ የምትመጣው ጳጉሜን 6ም በሰላም ታልፍ ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቀሪው ዜሮ ይሆናል። በሠንጠረዡ ውስጥ ዮሐንስ የተቀመጠው በ4 ቁጥር እንጂ በዜሮ አይደለምና ሉዋ የሚመልሰው ኒል ነው። ኒልን ከሌላ ጽሑፍ ጋር ለማያያዝ ሲሞከር ደግሞ ፕሮግራሙ ቆሞ አይሆንልኝም ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራ ነገር በእንቍጣጣሽ ጧት ቆመ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጸሐፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት ሰዎችም «እስከ ትናንት ይሠራ ነበር» ከማለት በቀር የሚሉት አይኖራቸውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ያውም በሁለተኛው ትርጉም። የሉዋ ሠንጠረዥ ከአንድ መቍጠር የሚወድድ ቢሆንም ዜሮን ቁልፍ ለማድረግ ከተጠየቀ እንቢ አይልም፤ ስለዚህ ዮሐንስን በዜሮ ቁልፍ በግልጽ ማስቀመጥ ይቻላል። አለዚያም ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሶ፣ ለ4 አካፍሎ፣ በቀሪው ላይ 1 መጨመር ይበቃል፤ 2016 በዚህ መንገድ 4 ይሰጣል። ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚጠቅመው ልማድ ግን ፕሮግራሙን ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአራት ተከታታይ ዓመታት መፈተን ነው።

ሁለተኛው ጕድጓድ ባዶ ስለ ሆነው ስለ ኒል ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቈየት ይገባል። በሉዋ ሐሰት ተብለው የሚቈጠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም «ፎልስ» የተባለው የሐሰት ዋጋና ኒል ናቸው። ዜሮ እውነት ነው፤ ምንም ፊደል የሌለበት ሰንሰለትም እውነት ነው። በሲ የሠለጠነ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ በሲ ዜሮ ሐሰት ነውና። ዝናብ ለሚለካ ሰው ግን የሉዋ ፍርድ ትክክለኛው ነው። ዝናብ ያልዘነበበት ቀንና ዝናቡ ያልተለካበት ቀን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 0 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው መረጃ የለውም።

የአንድ ሳምንት መዝገብ እንውሰድ፦ 12፣ 0፣ ያልተለካ፣ 7፣ 0፣ 31፣ 4። ጀማሪው ያልተለካውን ቀን በኒል ይሞላዋል፤ ስሙ ራሱ «የለም» ማለት ስለ ሆነ የሚስማማ ይመስላል። ቀጥሎም ሠንጠረዡን «አይፔርስ» በተባለው ፋንክሽን በተራ ያስሄድና ይደምራል። አይፔርስ ግን የመጀመሪያውን ኒል ሲያገኝ ሠንጠረዡ አለቀ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ የተደመሩት 12ና 0 ብቻ ናቸው፤ አማካዩ 6፣ ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ስሕተት የሚል መልእክት የለም። 31 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ቀን ከመዝገቡ ጠፍቷል። ለመንገድ ሥር ቱቦ ስፋት ከሚያስፈልጉት ቁጥሮች አንዱ ደግሞ አማካዩ ሳይሆን ያ ትልቁ ቀን ነው። ርዝመት ጠያቂው ምልክትም ቢሆን ከዚህ አያድንም፤ መካከሉ የተቦረቦረ ሠንጠረዥ ርዝመቱ 2 ወይም 7 ሊባል እንደሚችል የቋንቋው መመሪያ ራሱ ይፈቅዳል።

ያልተለካው ቀን በኒል ፈንታ በሐሰት ዋጋ ቢሞላስ? አይፔርስ የሚቆመው በኒል ብቻ ስለ ሆነ እስከ ሰባተኛው ቀን ይደርሳል። በየቀኑም «ዋጋው እውነት ከሆነ ደምር፣ ቈጥርም» ቢባል ያልተለካው ይዘለላል፤ ዜሮዎቹ ግን እውነት ስለ ሆኑ ይቈጠራሉ። ድምሩ 54፣ የተለኩት ቀናት 6፣ አማካዩ 9 ይሆናል። ያልተለካውን ቀን ዜሮ ብሎ የሚቈጥር ሰው 7.7 ያህል ያገኝ ነበር፤ ዜሮዎቹንም የሚዘልል 13.5 ያገኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንግዳ የመሰለው ደንብ፣ ዜሮ እውነት ነው የሚለው፣ ትክክለኛውን መልስ ያስገኘው እርሱ ነው። ቋንቋን መማር ማለት እንዲህ ያለውን ነገር በእጅ ሠርቶ ማየት እንጂ 22ቱን ቃላት ማጥናት አይደለም።

ሦስተኛው የተለዋዋጮች ስያሜ ነው። በሉዋ ማንኛውም ስም «ሎካል» የሚል ቃል ካልቀደመው የሁሉም ይሆናል፤ ማለትም ከየትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ሊነበብና ሊለወጥ ይችላል። ከዚህም የባሰው፣ ዋጋ ሲሰጡ የስሙ አንድ ፊደል ቢገደፍ ሉዋ አዲስ ስም ፈጥሮ ዝም ይላል። ድምር የሚይዘው ተለዋዋጭ በአንድ ስፍራ ፊደል ቢጐድለው፣ ድምሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ዋናው ዜሮ እንደ ሆነ ይቀራል። ከላይ የተጠቀሰው የዝናብ ስሌት በዚህ ምክንያት 0 ቢያወጣ ማንም ድርቅ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ደራሲዎቹ ይህን የመረጡት አጭር ፕሮግራም ለመጻፍ ለማይቸግረው ሰው በማሰብ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይቻል ይሆናል፤ ከአንድ ገጽ ለሚበልጥ ሥራ ግን ምርጫው ጥሩ አይደለም። ጀማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ አዲስ ስም ፊት «ሎካል» መጻፍን ቢለምድ፣ የተገደፈውም ስም ሲታይ ቶሎ ይለያል።

አራተኛው በተለይ በግእዝ ፊደል የሚጽፈውን ይመለከታል። ሉዋ የፊደላት ሰንሰለት የሚለው በእውነቱ የባይት ሰንሰለት ነው። ዛሬ በሁሉም ስፍራ በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ «ሀ»ን ጨምሮ የተለመዱት የግእዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። ስለዚህ ሉዋ «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ሲጠየቅ 3 ሳይሆን 9 ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያውን ፊደል ቁረጥ ቢባል የ«ሰ»ን ሲሶ ይቈርጣል፤ በስክሪኑ ላይም ምንነቱ የማይታወቅ ምልክት ይወጣል። ስም ከ20 እንዳይበልጥ ተብሎ በላቲን የተለካ ሣጥን የአማርኛውን ስም በሰባተኛው ፊደል ወገብ ላይ ይጐምደዋል። ከ5.3ኛው እትም ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 የሚል ስም ያለው ቤተ መጻሕፍት ስለ ተጨመረ ፊደል ለመቍጠር በእርሱ መጠየቅ ይገባል፤ እርሱ «ሰላም» 3 ነው ይላል። የቃል ፍለጋው መሣሪያ ግን አሁንም በባይት ነው የሚያስበው፤ «ከሀ እስከ ሆ ያለውን ፈልግ» ብሎ በአንድ ቅንፍ ማዘዝ የማይሆን ነገር ያስከትላል።

ሌላም ችግር አለ፤ እርሱ የሉዋ ጥፋት ሳይሆን የአጻጻፍ ልማድ ያመጣው ነው። ከዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ በጣቢያው ስም ሠንጠረዥ ቢሠራ፣ አንዱ ጸሐፊ «ሐዋሳ» ሌላው «ሀዋሳ» ብሎ ጽፎ ከሆነ ሠንጠረዡ ሁለት ጣቢያ ያደርጋቸዋል። ለዓይን አንድ ድምፅ፣ ለባይት ሁለት ቁልፍ ነው። የአንዱ ዓመት ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ደረቅ ጣቢያ ይፈጠራል። እዚህ ላይ ሉዋ በጣም ያማረ መፍትሔ አለው፦ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን እና ጓደኞቻቸውን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚመራ አንድ ሠንጠረዥ በየፊደሉ ዘር ይጻፋል። ከዚያም የመተኪያው ፋንክሽን ያንን ሠንጠረዥ እንዳለ ይቀበልና በቃሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ፣ ካገኘው ይተካል፣ ካላገኘው እንዳለ ይተወዋል። ሥራው አንድ መስመር ነው። የተስተካከለው ስም ግን ለቁልፍነት ብቻ ያገልግል፤ ለኅትመት የሚወጣው ጸሐፊው የጻፈው ይሁን። ፊደልን በኮምፒዩተር ምክንያት መቀነስ የፕሮግራም ጸሐፊ ሥልጣን አይደለም።

የቀረው በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል። ፋንክሽን በሉዋ እንደ ቁጥር ያለ ዋጋ ነው፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሌላ ፋንክሽን ይሰጣል። ሠንጠረዥ ሲደመር ወይም የሌለው ቁልፍ ሲጠየቅ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግሩ ሜታሠንጠረዥ የሚባሉ አሉ፤ ሥራን ከመካከል አቋርጦ በኋላ ካቆመበት የሚቀጥል ኮሩቲን የሚባልም አለ። እነዚህ የሚያስፈልጉት በሁለተኛው ወር ነው። ሉዋ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ቤተ መጻሕፍት ጠባብ መሆኑም ይታወቅ፤ ብዙ አኀዝ ሊመረምርና ግራፍ ሊያወጣ የሚፈልግ ሰው ወደ ፓይተን ቢሄድ ይሻለዋል።

ታዲያ መሐንዲሱ ለምን ይድከም? ለአንድ ከተማ ውኃ የሚስብ ፓምፕ እንደ ምሳሌ ይወሰድ። የማጠራቀሚያውን የውኃ ከፍታ የሚያነብበው፣ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ፕሮግራም በሲ ተጽፎ በመቈጣጠሪያው ውስጥ ይቀመጣል። «ውኃው ከ2 ሜትር ሲያንስና ሌሊት ሲሆን አስነሣ» የሚለው ደንብ ግን በሉዋ በጥቂት መስመር ይጻፋል። በበጋ ወራት 2 ሜትር እንደማይበቃ የሚያውቀው የጣቢያው ተረኛ ቴክኒሻን ነው። ደንቡ በዋናው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የተቀበረ ቢሆን ኖሮ፣ ያንን አንድ ቁጥር ለመለወጥ መሣሪያውን የሸጠውን ኩባንያ መጠየቅ፣ ዋጋ መደራደር፣ መጠበቅም ይመጣ ነበር። በሉዋ ሲሆን 2ን 2.5 ማድረግ የእርሱ ሥራ ይሆናል። የብራዚል መሐንዲሶች በ1993 የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ሥልጣኑ ግን ልክ ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱ ፕሮግራም ለእንግዳው የትኞቹን ቤተ መጻሕፍት እንደሚከፍትለት ራሱ ይመርጣል። ፋይል የሚያጠፋውንና የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ የሚያሠራውን ክፍል ጨርሶ ላይከፍት ይችላል። ማለቂያ የሌለው ዙር ውስጥ የገባ ደንብም ቢኖር፣ የተሠሩትን ትእዛዛት እየቈጠረ ከልኩ ሲያልፍ የሚያቋርጥ ዘዴ አለ። ሞተሩ ከዚህ ሙቀት በላይ አይሥራ፣ ማጠራቀሚያው ከዚህ በላይ አይሙላ የሚሉት የመጨረሻ ወሰኖች በሲው ውስጥ ይቆዩ፤ ቴክኒሻኑ በስሕተት 2.5ን 25 ብሎ ቢጽፍ ወሰኑ ያግደዋል።

በመጨረሻም ለመጀመር የሚያስብ ሁሉ ከየትኛው እትም ጋር እንደሚሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ። በዊኪፔዲያና ሬዲስ በተባለው የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ያለው ሉዋ 5.1ኛው ነው፤ ፈጣኑ ሉዋጂትም የሚከተለው ያንኑ ነው። በ5.1ኛው ውስጥ በሁለት ሰረዝ ማካፈል የለም፤ ሙሉና ነጥብ ያለው ቁጥር አልተለያዩም፤ ፊደል የሚቈጥረው የዩቲኤፍ 8 ቤተ መጻሕፍትም ገና አልመጣም። በ5.4ኛው የተማረውን ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ያለ ጥፋቱ የተሳሳተ ይመስለዋል። የእትሙን ስም የያዘ አንድ ተለዋዋጭ በሁሉም ዘንድ አለ፤ ከስር ሰረዝ ጀምሮ «ቨርዥን» በሚለው ቃል በላቲን አቢይ ፊደላት ይጻፋል። ጀማሪው የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲጽፍ ያንን ያሳትም።